ግራ እጅ

አምስት ቀን ቀረኝ።
ከወንዙ ዳር፣ ከባሕሩ ዳር፣
ልጆቿ በሚሏት ንዳር፣
ካርታው ላይ ግን ሴንት ሉዊ በተባለች ከተማ፣
ፈተናዬን ጨርሼ ወጣሁ፤ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አልተስማማ።
ስለ ጨውና ስለ ወንዝ ነበር የጻፍኩት በሰፊው፣
ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ማን እንደሆነ አሸናፊው።
ባሕሩ መልሱን ያውቃል፤
ጌት ንዳር መንደር ዛሬም አንድ ግድግዳ ወድቋል።

ሐሙስ ለት ሳናር ሄጄ የተዋስኩትን መጽሐፍ መለስኩ፤
የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ፈረመ፤ "ዕዳ የለብሽም" አለኝ፤ አለቀስኩ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዕዳ ማጣት እንዲህ ይመራል?
ፍየል ከደረጃው ላይ ቆሞ አየኝ፤ እሱ ደግሞ ምን ይማራል?

ሻንጣዬን ባልዴ ሱቅ ወሰድኩ፣ በሩዝ ሚዛን ላስመዝን።
"ሃያ ስድስት ኪሎ" አለ፣ "አውሮፕላኑ አይወድም፤
ሦስቱን እዚህ ተይው፤ ሰው ሁሉን ይዞ አይሄድም።"
ሦስቱ ምን ይሁን? ጫማው? ደብተሩ? ያ የጨርቅ ቁራጭ?
የቱ ቢቀር ነው የማልቆጭ?

ሚዛን ላይ ያልወጣ አለ፣ ስሜ።
የመጣሁ ለት "ቶርዲስ" ብላቸው ሞከሩት፣ ሳቁ፣ ተዉት።
"ድንጋይ ያለው ሩዝ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል" አለች እማ ፔንዳ፣
ኩራ አለችኝ፣ የእናቷን ስም፣ ለማታውቀው እንግዳ።
ኩራ ሲሉኝ እኮራለሁ፤ ቤርገን ግን ማን ይጠራኛል?
ዝናቡን ሳስብ ካሁኑ ትከሻዬን ይበርደኛል።

የምተኛበት ክፍል የሜዱን ነው።
የኳስ ማልያው ከምስማሩ አልወረደም፤
በዚህ ቤት ማንም "ሄደ" ለማለት አልደፈረም።
ሁለት ዓመት ሆነው፣ በኅዳር፣ በሌሊት፣
ሰባ ያህል ሆነው፣ በአንዲት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ፣ ወደ ደሴቶቹ፣
ስልካቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከዚያ ወዲያ ያልጮኹ ስልኮቹ።
ለኔ ኤርፖርት ላይ አንድ ማኅተም፣ አንድ ፈገግታ፤
ለሱ ሦስት ቀጠሮ፣ ሦስት "አይሆንም"፣ አንድ የተቀደደ ፖስታ።
ባሕሩ ብቻ ወረቀት አልጠየቀውም።

የዓርብ ምሳ፣
ከአንድ ገበታ፣ ሩዝና ዓሣ።
እማ ፔንዳ የዓሣውን ጉንጭ በጣቷ ፈልቅቃ
ወደኔ ገፋችው። ሌላውን ከአጥንቱ አላቅቃ
ከጎኔ፣ ከባዶው ቦታ ፊት አኖረች።
ሶክና እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣
ዝምታው ላይ ውሃ ቀዳች።

በመጨረሻው ንጋት የዳካር ታክሲ በሩ ላይ ቆመ፤
ስድስቱ ሞልተዋል፣ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ደጋገመ።
ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። አልነካችውም።
ግራዋን ሰጠችኝ።
ግራ ገባኝ።
ምን አጠፋሁ? የትኛውን ሰላምታ ዘለልኩ?
ሶክና ሳቀች፣ "እዚህ አገር ለሩቅ መንገደኛ
ግራ ነው የሚሰጠው፤ ነውር ነው፣ እናውቃለን እኛ።
ነውሩን ለማቅናት፣ ቀኙን ለመስጠት፣ ግድ ይመለሳል ሰው።
ዕዳ ነው የያዝሽው።"

ከዚያ ሳቋን ተወችው።
"ሜዱን" አለች ቀስ ብላ፣ "ሌሊት ነው የወጣው። እሷ ተኝታ ነበር።"

እማ ፔንዳ እጄን አልለቀቀችም።
ሾፌሩ ጮኸ፤ አልለቀቀችም።
ጨብጣኝ ቆየች፣ ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ፣
ድልድዩ ላይ እስኪወጣ ፀሐይ።

"እመለሳለሁ" አልኩ። ያለችው ኩራ ናት፤
የትኬቱን ዋጋ የምታውቀው ቶርዲስ ቃል አጠራት።

ሉጋ ስንደርስ ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ።
በቀኝ ተቀበልኩት።
ግራዬን ገና አልከፈትኩት።